ይሉኝታ ያለው ፍሬን

በ2098 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ ቶን ቲማቲም የጫነ መኪና ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ ሲጓዝ ቡርቃ ድልድይ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ከማዶ ሲሚንቶ የጫነ ሌላ መኪና ቆሟል። ድልድዩ የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው። አጠገቡ የሚሠራው ሰፊ ድልድይ ከ2071 ጀምሮ «በቅርቡ ይጠናቀቃል»፤ ይህን የሚለው ሰሌዳ እንኳ ዝጎ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

የቲማቲሙ ሹፌር ያፌት ሮቤል ይባላል። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አላገባም። ሹፌር ሲባል መሪ የሚይዝ እንዳይመስላችሁ። መሪ ከመኪና ላይ ከተነሳ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ መኪናው ራሱን ይነዳል። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ለይሉኝታ ነው።

የከባድ መኪና ማቆሚያ ፍሬን ከጥንት ጀምሮ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። ንፋስ ሲገባለት ይለቃል፤ ንፋሱ ሲወጣ ደግሞ ጠንካራ የብረት ሞላ ጎማውን ጠፍሮ ይይዛል። እንግዲህ መኪናው በተፈጥሮው የሚወደው መቆም ነው ማለት ነው፤ እንዲሄድ መለመን አለበት። ይህን ከልቧ ያሰበችበት የኮምቦልቻው የፍሬን ቤተ ሙከራ ኃላፊ ኢንጂነር ሶልያና ናት። የመጀመሪያ ፈጠራዋ ስለ ድንጋይ ነበር። ዳገት ላይ መኪና ሲበላሽባቸው ለጎማው ድንጋይ ታኮ አድርገው፣ ሲነሱ ድንጋዩን መሀል መንገድ ላይ ትተው የሚሄዱ ሹፌሮችን ታውቋቸዋላችሁ። ሶልያና ድንጋዩ ተነስቶ ዳር ካልወጣ የማይለቅ ፍሬን ሠራች። ሹፌሮች አንድ ዓመት ሙሉ ሰደቧት፤ ከዚያ ለመዱት።

ሁለተኛው ፈጠራዋ የከፋ ነው። ድሮ ጠባብ ድልድይ ላይ ሁለት ሹፌር ሲገናኝ «እኔ ልቅደም»፣ «እኔ ልቅደም» ሲባባል ስንቱ ገደል ገባ። ሶልያና ለፍሬኑ ይሉኝታ አስተማረችው። በመዝገብ ስሙ «ማኅበራዊ ግንዛቤ ያለው የከባድ ተሽከርካሪ የአየር ፍሬን ሥርዓት፣ የፈጠራ መብት ቁጥር 4417» ይባላል። ሹፌሮች ግን «ይሉኝታ» ነው የሚሉት። ሁለት መኪና ድልድይ አፍ ላይ ሲገናኝ ፍሬናቸው ይይዝና እርስ በርሳቸው ሦስት ጊዜ «ቅደም» ይባባላሉ። በመጨረሻ ከሁለቱ ሹፌሮች አንዱ፣ እንደ ሰው ወግ ሦስት ጊዜ ተለምኖ፣ «እሺ ልቅደም» ሲል ንፋስ ይገባለታል። ፍሬኑ የሚሰማው ከልብ የተባለውን ነው። አንድ ሹፌር ከልቡ «ቅደም» ብሎ ከሰጠ ደግሞ ቃሉን ማጠፍ አይችልም፤ ሌላው እስኪያልፍ ድረስ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ሶልያና ቃሏን የማታጥፍ ሰው ስለሆነች ሌላውም እንደሷ መስሏት ነበር።

ፍሬኑ የሚናገርበት ድምፅ የያፌት ነው።

ይህን የሚያውቁት እሱና ሶልያና ብቻ ናቸው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ያፌት ዕቃ ሊያደርስ ቤተ ሙከራው ሄዶ በሩ ላይ ከሶልያና ጋር ተገጣጠመ። እሷ ለሥራዋ ድምፅ እየቀዳች ነበር፤ መቅጃው ክፍት ነው። «ይቅደሙ እባክዎ» አላት። «አይ፣ አንተ እንግዳ ነህ፤ ግባ» አለችው። አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። የጥበቃ ሠራተኛው በመሀል ምሳውን በልቶ ተመልሷል። መጨረሻ ላይም ማንም አልቀደመም፤ ዞረው በጋራዡ ሰፊ በር ጎን ለጎን ገቡ።

ሶልያና ማታ የቀዳችውን ስትሰማ አገር ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ድምፅ ይኸው መሆኑን አወቀች። አስፈቅዳው ወሰደች። ያፌት ለራሱ መኪና ፍሬን ከልቡ የሚናገረው ነገር ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለሌሎቹ አሥራ አራት ሺህ መኪኖች እንዲደርስ አድርጋ ገጠመችው። «ሰውየው ሲያረጅ ፍሬኑም አብሮት ያርጅ» አለች። በ2091 ያፌትን ጉንፋን ሲይዘው የአገሪቱ ከባድ መኪኖች በሙሉ ለአንድ ሳምንት በአፍንጫቸው አወሩ።

ከዚያ ወዲህ ያፌት በኮምቦልቻ ባለፈ ቁጥር ወደ ቤተ ሙከራው ጎራ ይላል። ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ሞላና ስለ ንፋስ ያወራሉ። ሊነግራት የሚፈልገው ነገር አለ። ይህን እሷም ታውቃለች፣ የጥበቃ ሠራተኛውም ያውቃል። በሦስተኛው ዓመት ሊነግራት አፉን ሲከፍት ስልኳ ጮኸ፤ «ሥራ ይዘዋል» ብሎ ሄደ። በአምስተኛው ዓመት ሊነግራት ሲል ዝናብ መጣ። «አንቺ» ያላት በሰባተኛው ዓመት ነው፤ እሱንም ይቅርታ ጠይቆ።

ዛሬ ሶልያና ትሄዳለች። ናይሮቢ የአራት ዓመት ሥራ አግኝታ በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ትሳፈራለች። ባለፈው ሳምንት እንዲህ አለችው፤ «የምትለው ነገር ካለህ ጣቢያ ድረስ መጥተህ በል። በስልክ እንዳትሞክር፤ በስልክ አሥራ አንድ ዓመት ደህና ነሽ ወይ ብለኸኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ይሉኝታ የለውም።»

ያፌት ዛሬ ሊነግራት ቆርጦ ተነስቷል። ከድልድዩ እስከ ጣቢያው ሃምሳ ደቂቃ ነው። ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ካልተነሳ አይደርስም።

ያፌት ድልድይ ላይ የታወቀ ሰው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ቀድሞ አልተሻገረም። የሹፌሮች ማኅበር «የዓመቱ ጨዋ ሹፌር» የምስክር ወረቀት አራት ጊዜ ተሰጥቶታል፤ አራቱንም ሲቀበል መድረኩ ላይ የወጣው መጨረሻ ነው። ሁልጊዜ ገና ከሩቅ «ቅደሙ» የሚለው እሱ ነው፤ ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ ተግደርድሮ ያልፋል። ዛሬ ግን ከማዶ ያለው ሹፌር ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ።

«ወንድሜ! ቲማቲም ነው የጫንከው፤ ፀሐይ ነው፤ ቅደም! ከልቤ ነው!»

ያፌት አፉን ሲከፍት ነገሩ አልቆ ነበር። የሲሚንቶው መኪና ፍሬን ቃሉን መዝግቦ ጥርቅም ብሏል። ጨዋው ያፌት በጨዋነት ተበለጠ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነገር ነው። «ልቅደም» ማለት ብቻ።

«እሺ... ልቅደም» አለ ያፌት።

«ይቅርታ፣ ከልብ አልመሰለኝም» አለው ፍሬኑ በገዛ ድምፁ።

«ካላስቸገርኩ ልቅደም።»

«ይቅርታ፣ ከልብ አልመሰለኝም።»

«ሌላ የሚቀድም ሰው ከሌለ፣ እኔ፣ እንግዲህ፣ ልቅደም።»

ፍሬኑ ለዚህኛው መልስ እንኳ አልሰጠውም። ሌላው ሹፌር አንደበቱን ትንሽ ጠበቅ ካደረገ ያልፋል፤ ፍሬኑ ለእንግዳ ሰው ቸር ነው። የያፌትን ድምፅ ግን ከእናቱ ይበልጥ ያውቀዋል።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ከያፌት ኋላ ስድስት፣ ከሲሚንቶው ኋላ ዘጠኝ መኪና ተሰለፈ። ማንም ጡሩምባ አልነፋም፤ ጡሩምባ ነውር ከሆነ ቆይቷል። የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ የምትሸጠው እትዬ ብሌን መቀመጫ ዱካዋን ይዛ መጣች። ቡርቃ ድልድይ አፍ ላይ በቆሙ መኪኖች ምክንያት ገበያ ከተቋቋመ ቆየ፤ ጥላ ያላቸው መደቦች አሉ፣ ፀጉር ቆራጭ አለ።

«አይዞህ» አለችው እንቁላሉን በጨው እየሰጠችው። «አምና ክረምት አንድ ቄስና አንድ ሼህ ከግራና ከቀኝ መጥተው አሥራ አንድ ሰዓት ቆመውልኛል። አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም። መጨረሻ ድልድዩ መሀል ቁጭ ብለው ሽሮ በሉ።»

«ከዚያስ ማን ቀደመ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! መሸና ወደ ቤቴ ገባሁ።»

የሲሚንቶው ሹፌር ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ መጣ። ጋሽ ኢዮስያስ ይባላሉ፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። መሪ ይዘው ከነዱት የመጨረሻዎቹ ሹፌሮች አንዱ ስለሆኑ ሲያወሩ እጃቸው ሳያውቁት አየር ላይ ይጠመዘዛል።

«ምን ሆነህ ነው የማትቀድመው?» አሉት።

«እርስዎ እያሉ እንዴት ተደርጎ ጋሼ?»

«እኔ ቅደም ብዬሃለሁ እኮ! ተቆልፌ ቀርቻለሁ እኮ በአንተ የተነሳ!»

«በጣም ይቅርታ ጋሼ። እንዲያው አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«የሚያስቸኩል ነገር የለህም ማለት ነው?»

ያፌት እንቁላሉን እንደያዘ ነገራቸው። ስለ ሶልያና፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር፣ ስለ አሥራ አንዱ ዓመት። ለሰው ሲያወራው የመጀመሪያው ነበር። ስለ ድምፁ ግን አልነገራቸውም። ጋሽ ኢዮስያስ ሰዓታቸውን አይተው ደነገጡ።

«በል ተነስ! ድሮ ቢሆን ከሥር ገብቼ ሞላውን በብሎን አስሬ ነበር የምለቅልህ። ይቺ ኢንጂነር የተባለችው ሴትዮ ብሎኑን አሽጋዋለች!»

«እሷ ናት» አለ ያፌት በቀስታ።

«ማናት?»

«ሶልያና ማለት። የፍሬኑ ኢንጂነር።»

ጋሽ ኢዮስያስ መኪናውን አዩት፤ ያፌትን አዩት፤ ድልድዩን አዩት። ከዚያ ሳቅ እያነቃቸው ጎማው ላይ ተደገፉ። «ጉድ ፈላ! የራሷን ባል አስራ የያዘች ይቺ ናት!»

«ባሏ አይደለሁም ጋሼ።»

«እንዲህ ከቆምክማ አትሆንም። ስማ፣ ሰው ከልቡ የሚናገረው ሲናደድ ነው። ተናደድ። ስደበኝ።»

«እርስዎን?»

«እኔን! በል!»

ያፌት ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱን ነፋ። «እርስዎ... ትንሽ... ግትር ቢጤ ነዎት» አለ። ወዲያው ዓይኑን ገልጦ «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፤ ልጅዎ ነኝ» አላቸው። ፍሬኑ ትንፍሽ አላለም። እትዬ ብሌን በሳቅ ከዱካዋ ልትወድቅ ነበር።

ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ያፌት ስልኩን አወጣ። ተደብቆ «ሶልያና፣ መንገድ ተዘጋብኝ፤ ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ፤ በሰላም ግቢ» ብሎ ጻፈ። ሊልከው ሲል ጋሽ ኢዮስያስ ከትከሻው በላይ አነበቡትና ስልኩን ነጥቀው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ሰው ባቡር ሲያመልጠው አይቻለሁ። ባቡሩን ሂድልኝ ብሎ የሚሸኝ ግን ዛሬ አየሁ።»

ያፌት መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፈርቶ ነበር፤ ደግሞ አፍሮ ነበር። ሴትዮዋን ይወዳታል። ያለ እሷ የኮምቦልቻ መንገድ ለአራት ዓመት፣ ምናልባትም ለዘላለም፣ ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። ከእሷ የሚለየው ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ ሌላው ሰው ሳንቡሳ ለመግዛት ሰልፍ ላይ የሚለው ቃል።

ፍሬኖች ደንብ አላቸው። ድልድይ ላይ ሲቆዩ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ሦስቱን ግብዣ እንደገና ይለዋወጣሉ። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የቲማቲሙ መኪና «ይቅደሙ እባክዎ» አለ። የሲሚንቶው ከማዶ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ። የቲማቲሙ «በሞቴ! እርስዎ እያሉ እንዴት ተደርጎ!» አለ።

ጋሽ ኢዮስያስ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሃምሳ ዓመት ሞተር ያዳመጠ ጆሮ ነው።

«ቆይ። አሁን አንተ እርስዎ እያሉ እንዴት ተደርጎ አላልከኝም?»

ያፌት ከሱሪው ላይ አቧራ ያራግፍ ጀመር።

«ይሄ ያንተ ድምፅ ነው!»

«አዎ ጋሼ» አለ ያፌት መሬት መሬት እያየ። «በሯ ላይ የተቀዳ ነው። ያኔ ስንተዋወቅ።»

«አሥራ አንድ ዓመት አገሩን ሁሉ መንገድ ላይ ገትረህ የያዝከው አንተ ነህ?»

«በጣም ይቅርታ።»

«ይቅርታህን ለባቡሩ አቆየው። ከኋላ የምትስቀው ሴት ማናት ታዲያ?»

ያፌት ፈገግ አለ። «ይሰማል አይደል? እሷ ናት። እኔ ሁልጊዜ እሰማታለሁ። ለዚህ ነው ድልድይ ላይ መቆም የማይሰለቸኝ።»

ጋሽ ኢዮስያስ ወደ ጋቢናው ወጥተው የፍሬኑን ቁልፍ ተጫኑ፤ ሦስቱ ግብዣ እንደገና ተሰማ። እጃቸውን አንስተው «እስቲ ልድገመው» አሉ። ደገሙ። ሦስተኛ ጊዜም ሰሙት። ከዚያ ወርደው ያፌት አጠገብ ቆሙ። አሁን እየሳቁ አልነበረም።

«መጀመሪያ ላይ ትስቃለች» አሉ። «ልክ ነህ። ሁለተኛው ላይ ግን አትስቅም፤ ዝም ብላለች። ሦስተኛው ላይ ኡፍ ትልና አንድ ነገር መሬት ላይ ታስቀምጣለች። ቦርሳ ነው መሰለኝ፤ የከበደ ቦርሳ። አንተ በሞቴ ስትላት እሷ ደክሟት ቦርሳዋን እያስቀመጠች ነበር።»

ያፌት ተነሳ። «አይደለም» አለ። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ራሱ ተጫነው። «ይቅደሙ እባክዎ»፤ ሳቋ አለ። «ኧረ በፍጹም»፤ ምንም የለም። «በሞቴ! እርስዎ እያሉ እንዴት ተደርጎ!»፤ እንዳሉት ነው፤ ኡፍታዋ አለ፤ የቦርሳው መሬት መንካት አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሰምቶታል። የሰማው ግን ሳቁን ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ሁልጊዜ የራሱን ድምፅ እያዳመጠ ነበር፤ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነኝ እያለ።

ፍሬኑ ደንቡን አልጣሰም። «ይቅደሙ እባክዎ» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ዝም በል» አለ ያፌት።

«ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ዝም በል አልኩህ! ሴትዮዋ ቆማለች! ደክሟታል! አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች! ምን ዓይነት ጨዋነት ነው ይሄ? በቃ! እኔ ልቅደም! እኔ ልቅደም ብያለሁ!»

ጵስስስ አለ። በአሥራ ስምንቱም ጎማ ላይ ሞላው ያዡን ለቀቀ። እትዬ ብሌን ዱካዋን አንስታ ሮጠች። ጋሽ ኢዮስያስ የድልድዩ ብረት ላይ ተለጥፈው ያፌት የተወውን እንቁላል በያዘ እጃቸው «ሂድ! ሂድ!» ሲሉ ቲማቲሙ አጠገባቸው እየተርገፈገፈ አለፈ። ያፌት በመስኮት አላመሰገናቸውም። ስልኩም ከእሳቸው ኪስ ውስጥ ቀረ። ስምንት ሰዓት ከአምስት ነበር።

የሚከተለው ከመንገድ ጽሕፈት ቤቱ የዕለቱ ሪፖርት የተወሰደ ነው፤ ያፌት መንገድ ላይ ስለነበረ አላወቀውም። ስምንት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ላይ ዓባይ በረሃ ውስጥ አንድ የብረት ጫኝ መኪና ከፊቱ ለቆመው የማር ጫኝ «ዝም በል አልኩህ! እኔ ልቅደም!» አለው። የማር ጫኙ በዚያው ድምፅ ያንኑ መለሰለት። በዚያው ደቂቃ አዋሽ ላይ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ጊቤ ወንዝ ላይ ያሉት ሁሉ እንደዚያው አሉ። ፍሬን ሦስት ሜትር ሲቀረው በራሱ ስለሚይዝ የተጋጨ መኪና፣ የተጎዳም ሰው የለም። የተጎዳው ክብር ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ አንድ የበግ ጫኝ ለትራፊክ ፖሊስ «በቃ!» ብሎ አልፏል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጮኸ ጡሩምባ ከሞያሌ እስከ መተማ ጮኸ። ሹፌሮች መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው ጋቢናቸው ውስጥ ቁጭ እንዳሉ በደስታ እያጨበጨቡ ይስቁ ጀመር። ቡርቃ ድልድይ ላይ የቆመው አሥራ ስድስት መኪና በዘጠኝ ደቂቃ ተጠርጎ አለቀ። እትዬ ብሌን ለጋዜጠኛ በሰጠችው ቃል «ሥራዬ ተበላሸ፤ ግን ደስ ይላል» ብላለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀር የቲማቲሙ መኪና ኮምቦልቻ ጣቢያ በር ላይ አግድም ቆመ። ያፌት ዘሎ ወረደ። ሶልያና ከባቡሩ በር አጠገብ ቆማ ነበር። ቦርሳዋ መሬት ላይ ተቀምጧል። እጇ ላይ ያለው ስልክ ያለ ማቋረጥ ይጮሃል፤ ከቤተ ሙከራው ነው፤ አሥራ ሰባተኛው ጥሪ ነው።

«ያፌት» አለችው። ዓይኗ ፈጧል። «ፍሬኑን ምን አልከው?»

ያፌት እያለከለከ ነበር። እንደ ድሮው ቢሆን ስልክሽን አንሺ፣ ሥራ ይዘሻል ይላት ነበር።

«እሱን ኋላ» አላት። «መጀመሪያ እኔ ልናገር። እወድሻለሁ። በሩ ላይ ካየሁሽ ቀን ጀምሮ ነው። አብሬሽ መኖር እፈልጋለሁ፤ እዚህም ቢሆን፣ ናይሮቢም ቢሆን። ቦርሳሽ ከብዶሽ እንደነበር ዛሬ ነው የሰማሁት። ለዚያ ይቅርታ። ለሌላው ይቅርታ አልልም።»

አሁንም ስልኩ ይጮሃል። የባቡሩ ደወል ተደወለ። የባቡሩ በር ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ነው የሚያስገባ። አስተናጋጁ ከውስጥ ሆኖ ሁለቱን አየና «እባካችሁ፣ ማን ይቀድማል?» አለ።

ሶልያና ያፌትን አየችው። ያፌት በሩን አየው። እጁ በልማድ ሊዘረጋ፣ ወገቡ ሊጎነበስ ጀምሮ ነበር፤ መሀል መንገድ ላይ ተወው። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገና ቀድሟት ገባ። ዞሮ እጁን ዘረጋላት።

«ቦርሳውን አቀብዪኝ» አላት።

ሶልያና ሳቀች። አሥራ አራት ሺህ መኪና የሚያውቀው ሳቅ ነው፤ የመጀመሪያው ግብዣ ላይ ያለው። ቦርሳዋን አነሳችና ሰጠችው፤ ከዚያ ስልኩን አነሳች። ከወዲያ ሦስት ሰው በአንድ ላይ ይጮሃል። ወደ ድሮው ድምፅ እንመልሰው ወይ፣ አገር ተሳደበ እኮ፣ ትዕዛዝ ስጪን ይሏታል።

«ተዉት» አለቻቸው ደረጃውን እየወጣች። «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። እናንተ አንድ ሳምንት ጠብቁ።»